ከዜማ ቤት ወደ ኖታ፦ ለ5ኛ ደረጃ የሙዚቃ ፈተና እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። በልጅነቴ ጾመ ድጓ ተምሬ፣ ቀጥሎም ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። አሁን በዲቁና እያገለገልሁ፣ ማታ ማታ 61 ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ፒያኖ እለማመዳለሁ። ዘመድ የላከልኝን የእንግሊዙን የሙዚቃ ፈተና ቦርድ የኤቢአርኤስኤም መጻሕፍት ይዤ እስከ 4ኛ ደረጃ ደርሻለሁ፤ የሚቀጥለውን ፈተና መውሰድም እፈልጋለሁ። ነገር ግን የንድፈ ሐሳቡ መጽሐፍ አልገፋ አለኝ፤ ዛሬ የሸመደድሁት ሕግ በማግሥቱ ይጠፋብኛል። ንድፈ ሐሳቡን ትቼ መቀጠል እችላለሁን? በዜማ ቤት የተማርሁት ምልክትስ ይረዳኛል ወይስ ያደናግረኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ደንቡን ላስረዳዎ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 የተመሠረተው ይህ ቦርድ የጨዋታ (መሣሪያ የመጫወት) ፈተናውን በስምንት ደረጃዎች ከፍሎታል፤ እስከ 5ኛው ድረስ የንድፈ ሐሳብ ውጤት አይጠይቅም። 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ደረጃን ለመፈተን ግን የ5ኛ ደረጃ ንድፈ ሐሳብን ወይም ቦርዱ በእርሱ ምትክ የሚቀበለውን ሌላ ፈተና አስቀድሞ ማለፍ ግዴታ ነው። የንድፈ ሐሳቡ ፈተና ከ75 የሚታረም ሲሆን ማለፊያው 50 ነው። ስለዚህ ለአሁኑ መተው ይችላሉ፤ እኔ ግን እንዳይተዉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ምክንያቱም ያስቸገረዎት ትምህርቱ ራሱ ሳይሆን ያለ ድምፅ፣ በወረቀት ላይ ብቻ መማርዎ ይመስለኛል።

ከሜጀር ስኬል፣ ማለትም ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ከሚወጣው የድምፅ መሰላል፣ እንጀምር። መጽሐፉ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ ብሎ ርቀቶቹን ይደረድራል፤ በጆሮ ያልተሰማ ድርድር ደግሞ በማግሥቱ ቢጠፋ አያስደንቅም። ይልቁንስ በሚያውቁት ቅኝት ይግቡ። ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። በትዝታ ያደገ ጆሮ እነዚህን ሁለት ድምፆች ሲያገኝ ይንገዳገዳል፤ እኔም ኖታ ስጀምር አራተኛውን ድምፅ ከቦታው ከፍ አድርጌ እዘምር ስለነበር መምህሬ ደጋግመው ያስቆሙኝ ነበር። የጎደሉትን ሁለቱን ድምፆች ግን ባቲ ይዟቸዋል፤ በተለመደው ሜጀር ባቲ ድምፆቹ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸውና። ከአንድ መነሻ ትዝታንና ባቲን ተራ በተራ ቢዘምሩ የሜጀር ስኬል ሰባት ድምፆች በሙሉ በእጅዎ ገቡ ማለት ነው፤ ሁለቱ ግማሽ ርቀቶችም፣ ማለትም ከሚ ወደ ፋና ከሲ ወደ ላይኛው ዶ፣ በባቲው ውስጥ በግልጽ ይሰማሉ። ይህንኑ ከሶል ቁልፍ ተነሥተው ሲዘምሩት ሰባተኛው ድምፅ ከፋ በላይ ባለው ጥቁር ቁልፍ ላይ ያርፋል፤ የሶል ሜጀር አንድ ሻርፕ (ድምፅን በግማሽ ርቀት ከፍ የሚያደርግ ምልክት) የሚጻፍበት ምክንያት ይኸው ነው። ከሬ ቢነሡ በፋና በዶ ላይ ሁለት ሻርፖች ይመጣሉ። በዚህ መንገድ የሻርፑን ብዛት ከመሸምደድ ይልቅ ከጆሮዎ ያወጡታል። ሌላው ስኬል ማይነሩም እንዲሁ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት (በግማሽ ርቀት ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ ፍላት በሆነው ግማሽ ትዝታ ላይ ፋንና ሲን ቢጨምሩ ሃርሞኒክ ማይነር የሚባለው የማይነር ዓይነት ይሆንልዎታል።

ስለ ምልክቱ ለጠየቁት፣ ጠባዩን ከለዩት አያደናግርዎትም። ድፋት፣ ሂደት ወይም ርክርክ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የድምፁን አካሄድ ያስታውሳሉ፤ ኖታ ግን ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ይነግራል፤ ከፍታውን በመስመሩ ላይ ባለው ቦታ፣ ርዝመቱን በቅርጹ። ከፍታውን በፍጥነት እንደሚይዙት አልጠራጠርም። የሚያሠጋኝ ምቱ ነው፤ ቁም ዜማ በእኩል ምት የታሰረ ስላልሆነ፣ ርዝመት መቁጠር ላይ ልማድ አይኖርዎትም፤ 5ኛ ደረጃ ደግሞ አምስትና ሰባት ምት ያላቸውን አቆጣጠሮች ጭምር ይጠይቃል። ስለዚህ ማንኛውንም ቁራጭ ከመጫወትዎ በፊት በእጅዎ እያጨበጨቡ ርዝመቱን ብቻ ያንብቡት።

ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው መሆንዎ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ስንቅ ነው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥተው ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የተጓዙት የሰዋስውን ሕግ በመሸምደድ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ቅኔ ቆጥረው (ደርሰው) ለመምህርዎ በመንገርና በመታረም ነው። ኖታውንም እንዲሁ ይቁጠሩት፦ በየማታው አራት ባር (የምት ክፍል) የሚሆን ዜማ በራስዎ ይጻፉ፤ ስለ ካደንስ (የዜማ ማሳረፊያ) ያነበቡ ዕለት ዜማዎ በዚያ ካደንስ ይረፍ፤ ስለ ኢንተርቫል (በሁለት ድምፆች መካከል ስላለ ርቀት) ያነበቡ ዕለት በዚያ ርቀት ይዝለል። ከዚያ ያለ መሣሪያ ይዘምሩት፤ በመጨረሻ በኪቦርዱ ያረጋግጡት። የሚያርምዎ መምህር ቢያገኙ መልካም ነው፤ ባያገኙም ኪቦርዱ ራሱ ስሕተትዎን ይነግርዎታል።

የጨዋታውን ፈተና በሚመለከት፣ ከ2020 ወዲህ ቦርዱ በቪዲዮ ተቀርጾ የሚላክ የፈተና ዓይነትም ስላለው መፈተኛ ፍለጋ ከደብረ ማርቆስ መውጣት ላያስፈልግዎ ይችላል። በዚህኛው አራት ቁራጮች ሳይቋረጡ በተከታታይ ይቀርባሉ፤ የስኬል፣ ኖታን በማየት ወዲያው የመጫወትና የጆሮ ፈተና የለበትም። በነባሩ ፈተና ግን ሦስት ቁራጮች ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይቀርባሉ፤ ሁለቱም ከ150 የሚታረሙ ሲሆኑ ማለፊያቸው 100 ነው። ለእርስዎ የቪዲዮው ይቀልላል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የተሳሳቱትን ለማረም ሳይቆሙ እስከ መጨረሻው መጫወትን ከወዲሁ ይለማመዱ። ኪቦርድዎን ግን ለዚህ ደረጃ አልመክረውም፤ ቁልፎቹ ቀላል ከሆኑ ጣትዎ የፒያኖን ክብደትና የድምፅ መጠን ልዩነት አይማርም፤ ለመቀረጽ ከማሰብዎ በፊት ቢያንስ ጥቂት ወራት ክብደት ያላቸው ቁልፎችና ፔዳል ባለው ዲጂታል ፒያኖ ላይ የሚለማመዱበትን መንገድ ይፈልጉ።