«መልስሽን ሰጠሽ ወይስ አልሰጠሽም?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 7 ዓመታችን ነው፤ አንድ ልጅ አለን። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ናት። ችግሩ፣ ለሷ ሁሉ ነገር ድራማ ነው። ሥራዋ ፒያሳ አካባቢ ስለሆነ እስከ ሜክሲኮ በታክሲ ትመጣለች። ሰልፉ ድራማ፣ ረዳቱ ድራማ፣ መብራት ሲጠፋ ድራማ፣ ሽንኩርት ሲወደድ ድራማ። እኔ ደግሞ ደክሞኝ ነው የምገባው። ጥምቀት ሰሞን ወንድሞቿ ቤታችን መጥተው ነበር። እኔ መርካቶ ሞባይል ገዛሁ ብዬ ሳሙና ይዤ የገባሁበትን ቀን እየተነሳች እየተቀመጠች ተረከችላቸው። ሰዎቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ወሬ ስትጀምር «ድራማ አታብዢ» እላታለሁ።

የፋሲካ ዋዜማ ስለ አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ልትነግረኝ ጀመረች። የታክሲው ረዳት የባለቤቴን መልስ ሳይሰጥ ሴትዮዋን «ለዶሮዋም ትከፍያለሽ» ብሎ ያዛት። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። ወሬው ሲረዝምብኝ «በቃ፣ መልስሽን ሰጠሽ ወይስ አልሰጠሽም?» አልኳት። «ሰጠኝ» ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ከዚያ ወዲህ ምንም አትነግረኝም። በበዓሉ ማግስት ጎረቤት ቡና ላይ ያንኑ ታሪክ ስታወራ በኮሪደሩ በኩል ሰማሁ። ሴቶቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እውነቱን ለመናገር በሩ ጀርባ ቆሜ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን በጣም ከፋኝ። ኢንተርኔት ላይ ድራማ መውደድ የባሕርይ ሕመም ነው የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሕመሙን ነገር በቶሎ እንጨርሰው። ሂስትሪዮኒክ የሚባል የስብዕና መታወክ አለ። ያ ግን ከወጣትነት ጀምሮ የዘለቀ፣ ሥራንም ትዳርንም ወዳጅነትንም የሚያናጋ ነገር ነው። የሚለየውም ባለሙያ ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ካነጋገረው በኋላ ነው። የታክሲ ወሬ አሳምሮ ማውራት መስፈርቱ ውስጥ የለም። ባለቤትህን አላየኋትም። በደብዳቤህ ውስጥ ያየኋት ሴት ግን ጨዋታ አዋቂ ናት እንጂ ሕመምተኛ አይደለችም።

«ድራማ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። በትንሽ ትልቁ ጠብ የሚጭር፣ ዕቃ የሚወረውር፣ በየሳምንቱ «ጥዬህ እሄዳለሁ» የሚል ሰው አለ። እሱንም ድራመኛ እንለዋለን። እንደዚያ ብለህ ጽፈህልኝ ቢሆን መልሴም ሌላ ይሆን ነበር። ያንተዋ ግን የምታደርገው ሌላ ነው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲሄድ እሷ ቀና ብላ ታያለች። ያየችውን ቤት ድረስ ተሸክማ ታመጣለች። የሽንኩርት ዋጋ ለሁላችንም ያው ነው፤ እሷ ግን ከዋጋው ጋር ሳቅ ይዛ ትመለሳለች። ይህ ኑሮን የመቻያ አንዱ መንገድ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ ያስፈልጋል!

ዊሊያም ላቦቭ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ ነበር። በ1960ዎቹ ተራ ሰዎች የገጠማቸውን ሲያወሩ እየቀዳ፣ ወሬያቸው እንዴት እንደሚዋቀር አጠና። በመጀመሪያ ቦታውንና ሰዎቹን ያስተዋውቃሉ። ቀጥሎ ነገሩ ይወሳሰባል። መጨረሻ ላይ ይፈታል። በመሐል ግን ተራኪው ደጋግሞ የሚያስገባው አንድ ነገር አለ፤ ነገሩ ለምን ሊወራ እንደሚገባው፣ ለምን እንዳሳቀው፣ ለምን እንዳስደነገጠው። ላቦቭ እንዳለው ተራኪ ሁሉ የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ። ወደ እኛ ሰፈር አማርኛ ስናመጣው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ማለት ነው። ያንተ «ሰጠሽ ወይስ አልሰጠሽም?» የዚህ ጥያቄ ወንድም ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነህና አልፈርድብህም፤ የመጨረሻውን ድምር ጠየቅህ። እሷ ደግሞ የነገረችህ ስለ መልሱ አልነበረም።

ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እንል የለ? ያንን ካላልን ተረቱ አይጀመርም ነበር። አያቶቻችን ሳያውቁት አይደለም፤ ሰሚ የሌለው ተረት አይሄድም። ጎረቤት ቡና ላይ ያሉት ሴቶች «የላም በረት» ብለውላታል። እዚያ የሄደችው ለዚህ ነው።

ጆን ጎትማን የሚባል የትዳር ተመራማሪ ሲያትል ውስጥ እንደ አፓርታማ በተዘጋጀ ላቦራቶሪ አዲስ ተጋቢዎችን ተከታትሏል። ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ በጥቃቅን ነገር እንደሚጠራሩ አየ። «ያችን ጀልባ እያት» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ረዘም ያለ ትንፋሽ። ከ6 ዓመት በኋላ አብረው የቆዩት፣ ያኔ አንዳቸው የሌላውን ጥሪ በ100 ጊዜ ውስጥ 86 ጊዜ ያህል የመለሱ ነበሩ። የተፋቱት 33 ጊዜ ያህል ብቻ። ቁጥሩን ያመጣሁት ላስፈራራህ አይደለም፤ ቁጥር ስለምትወድ ነው። ዶሮዋም እንደዚህ ያለች ጥሪ ነበረች።

ከላይ ሆኜ የምመክርህ እንዳይመስልህ። እናቴ ስትደውል ስለ ዕድራቸው የድንኳን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ትጀምራለች። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ «እማዬ፣ ባጭሩ» አልኳት። «ባጭሩማ ከሆነ ደኅና ነኝ» ብላ ዘጋችው። ሥነ ልቦና ተምሬም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሳሙናው። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ ዓይኔን የያዘው እሱ ነው። 7 ዓመት ሙሉ ወሬዋን ሰምተሃል። «ድራማ አታብዢ» ማለት የጀመርከው ግን ከጥምቀት ወዲህ ነው፤ አንተው ነህ የጻፍከው። ወንድሞቿ ፊት የተታለለው ሞኝ ገጸ ባሕርይ አንተ ነበርክ። አብረህ ሳቅክ፤ ምን ታደርግ? አልተናገርክም። ቂሙ ግን የታክሲው ረዳት፣ የመብራቱና የዶሮዋ ዕዳ ሆነ። እሷ ደግሞ ይህን አታውቅም። የምታውቀው በአንድ ወቅት የሚስቅላት ባሏ ድንገት ሰዓት ማየት መጀመሩን ነው።

ስለዚህ ከዶሮዋ በፊት ሳሙናውን አንሳ። ልጁ ከተኛ በኋላ ይሁን፤ ሰው ፊት ግን አይሆንም። «አንቺ ሁልጊዜ» ብለህ አትጀምር። «ያን ቀን ወንድሞችሽ ፊት አፍሬ ነበር። ሳቅኩ እንጂ ከፍቶኝ ነው» በላት። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» ልትልህ ትችላለች። እውነቷን ነው። «ልክ ነሽ» ብለህ ቀጥል እንጂ ጠበቃ አትቁም። እኔ ያለሁበትን ታሪክ ለሰው ከመንገርሽ በፊት ጠይቂኝ ማለት መብትህ ነው። የሚያሳፍረውን ያወቀ ተራኪ ሌላ ጨዋታ አያጣም።

ድካምህንም ንቄው አይደለም። ሰኔ 30 እየመጣ ነው፤ የበጀት መዝጊያ ሰሞን አንጎልህ ምን እንደሚመስል እገምታለሁ። ቤት ስትገባ «ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ ከዚያ ትነግሪኛለሽ» ማለት ነውር የለውም። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ቀጠሮውን የምታስታውሰው አንተ ሁን። እሷ መጥታ እስክትለምንህ ከጠበቅህ ያው «ድራማ አታብዢ» ነው፤ በጨዋ ቋንቋ።

አንተስ ምን ይዘህ ትገባለህ? ቢሮ ውስጥ ምን ይወራል ብለህ ይሆናል። በ3 ብር ልዩነት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያመሸ የሒሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ። ማን እንደተጠረጠረ፣ የትኛው ደረሰኝ በየትኛው መሳቢያ ጀርባ እንደተገኘ ሲነግረኝ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ያንተም ቢሮ እንደዚህ ያለ 3 ብር አያጣም። አንድ ምሽት እሱን ይዘህላት ግባ። መጀመሪያ ትንሽ ትገረም ይሆናል። መሐል ላይ ካቆራረጠችህም ቻለው፤ ጥያቄ እየጠየቀች ነው።

ወደ ዶሮዋ ለመመለስ «ይቅርታ» ብቻ አይበቃም፤ ታሪኩን እንደገና ጠይቃት። «በሩ ጀርባ ቆሜ ሰምቼሽ ሳቅኩ፤ ለእኔ ስትነግሪኝ ግን አላስጨረስኩሽም» በላት። እውነት ነው፤ ማታለል የለበትም። በቀጥታ እሺ ላትልህ ትችላለች። ለጥቂት ቀን «ተረሳኝ» ካለችህ አልተረሳትም። በሌላ ቀን ደግመህ ጠይቅ። ስትጀምር ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው።

በነገራችን ላይ ደብዳቤህን ሦስቴ ገልብጬ አየሁት። ለዶሮዋ ተከፈለላት ወይስ አልተከፈለላትም የሚለውን የትም አልጻፍክም።