መልስ፦ የአያቴ ልደትና የአባታቸው ስም በየወረቀቱ ለምን ተለያየ?

ወንድሜ፣ ለአያትህ ልደት አንድ ወረቀት ላይ 1935፣ ሌላው ላይ 1943 ስላየህ ሁለት ሰው ናቸው አትበል። አንዱ ጸሐፊ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎት ይሆናል፤ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። የልደት ወራቸውን ጠይቅ።

የአባታቸው ስም አንድ ቦታ ሙሐመድ፣ ሌላ ቦታ ወልደ ሚካኤል መሆኑም ደሴ ላይ ብርቅ አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 (በእኛ አቆጣጠር) ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ እስኪጠመቁ ድረስ መሐመድ አሊ ነበሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከኮምቦልቻ አገኘሁት ያልከው «ሐሰን አሊ» የሚለው የግብር ደረሰኝ ነው። ሐሰን የሚለው የራሳቸው ስም ገጠመ ብለህ ደስ አይበልህ፤ በወሎ ሐሰን አሊ ስንት አለ! የባለ ደረሰኙ አያት ስም ወይም የመሬቱ አዋሳኝ ካልተጻፈበት ለጊዜው ለብቻው አስቀምጠው።