የትምህርት ቤት ልጆች ጥርስ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከሥራዬ ትልቁ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልጆችን አፍ ማየት ነው። ስለ ልጆች ጥርስ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ውስጥ እነዚህን መልሻለሁ። "በየስድስት ወሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ" ብሎ መገላገል ቀላል ነው። ብር የሌለው ቤት ግን ምን ያድርግ? የምመልሰው እሱን እያሰብኩ ነው።

ዶክተር፣ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። የኋላ ጥርሱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ጎረቤቶቼ "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" ይሉኛል። ልተወው? (እናት፣ ከኮልፌ)

እህቴ፣ ከመተውሽ በፊት ቁጠሪው። ልጁን ብርሃን ወዳለበት በር ላይ አስቀምጪና የስልክሽን መብራት አብሪበት። ከፊት ጥርሶቹ መሃል ተነስተሽ ወደ አንድ ጎን ቁጠሪ። የወለቀ ካለ ክፍተቱንም አብረሽ ቁጠሪው። የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ነው፤ በየጎኑ ላይም ታችም አምስት አምስት ማለት ነው። የጠቆረው ስድስተኛው ከሆነ የወተት ጥርስ አይደለም። አይወድቅም፣ ሌላም አይተካውም።

ይህ መንጋጋ የሚወጣው 6 ዓመት ገደማ ላይ፣ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ ነው። ምንም ጥርስ ወልቆ ቦታ ስለማይለቅለት ማንም ልብ አይለውም። ላዩ ስርጉድ ስርጉድ ስለሆነ ምግብ ይይዛል። ትምህርት ቤት ስዞር ተቦርቡሮ የማገኘው ቋሚ ጥርስ በአብዛኛው እሱ ነው።

ስድስተኛው ከሆነ ሳያመው ውሰጂው። ጤና ጣቢያው መንቀል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለማስሞላት ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ያለ ማሽን፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ ሊሞላ ይችላል። አምስተኛው ወይም አራተኛው ቢሆንም "ይወድቃል" ብለሽ አትርሺው። እነዚያ የሚወድቁት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ልጁ የሚበላው በነሱ ነው።

ልጆቼ ለስላሳ የሚጠጡት ለበዓል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ጣፋጭ የለም። ታዲያ ጥርሳቸውን ምን በላው? (አባት፣ ከአዳማ)

ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ ይጠይቀኛል፤ እውነትም አላችሁ። ግን የልጁን ቀን አብረን እንየው። ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ። ትምህርት ቤት በር ላይ ከሱቁ አንድ ከረሜላ። በእረፍት ብስኩት። ሲመለስ እንደገና ሻይ፣ ማታ ደግሞ ማስቲካ። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ነው፤ ችግሩ ድግግሞሹ ነው። ጣፋጭ አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ። ምራቅ ያንን ለማርገብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ልጁ በየሰዓቱ የሆነ ነገር ከላሰ ጥርሱ እረፍት አያገኝም። ለበዓል ከምሳ ጋር የሚጠጣው ለስላሳ ቀኑን ሙሉ ጉንጭ ውስጥ ከሚከርም ከረሜላ ያነሰ ይጎዳል። በእርግጥ አንዱ ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፤ ልማድ ይሁን እያልኩ አይደለም።

ስለዚህ ከሻዩ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ቀንሱ፣ ከሳምንታት በኋላ ሌላ አንድ። ለመክሰስ ቆሎ ወይም ንፍሮ ቋጥሩለት። ጣፋጭ ካለም ከምግብ ጋር ይብላውና ያብቃ። ልጁን ግን አትውቀሱት። ያለችው ሳንቲም ከረሜላ እንጂ ሙዝ አትገዛለትም።

መፋቂያ ይሻላል ወይስ ብሩሽ? እኛ ያደግነው በወይራ ነው፣ ጥርሳችንም ደህና ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መፋቂያን የሚንቅ ሐኪም አልወድም። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲቀጥል እ.ኤ.አ. በ1986 አበረታቷል። በደንብ ከተፋቀ ያጸዳል። ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ሰው የሚታየውን የፊት ጥርስ ነጭ እስኪሆን ይፍቅና በምላስ በኩል ያለውንና የመንጋጋውን ላይ ይረሳል። ሁለተኛ፣ ፍሎራይድ (በልክ ሲሆን ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) የለውም። የጥርስ ሳሙና ዋናው ጥቅሙ አረፋው አይደለም፣ ፍሎራይዱ ነው። ቱቦው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን) የሚለውን ፈልጉ። ብሩሽ ከሌለ የመፋቂያው ጫፍ ላይ ትንሽ ሳሙና አድርጉበት። ጫፉን በየቀኑ ቆርጣችሁ አዲስ አኝኩ። ከሌላ ሰው ጋር አትዋዋሱ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር፦ እኛ አገር ጥርስ የሚታጠበው ጠዋት፣ ከቤት ሲወጣ ነው። ለሰው ስለምንታይ። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፤ የማታው ምግብ ጥርስ ላይ ያድራል። በቀን አንዴ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ማታ ይሁን።

ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ብሩሽ ያላቸው በጣት ይቆጠራሉ። በጀት የለኝም። ምን ላድርግ? (መምህርት፣ 2ኛ ክፍል)

እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ ምገባ ካለው ጥሩ መነሻ አለሽ፤ ልጆቹ በአንድ ሰዓት አብረው ይበላሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየቀኑ እጅ መታጠብንና ጥርስ መቦረሽን በቡድን ያሠራሉ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ነው የሚቦርሹት፣ የሚያምር መታጠቢያ ቤት አያስፈልግም። አንድ ትልቅ የጥርስ ሳሙና ለክፍሉ ይበቃል። በየብሩሹ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ታደርጊያለሽ። ሁለት ደቂቃ ቦርሸው ይተፋሉ። አፋቸውን በውኃ መጉመጥመጥ የለባቸውም፤ ፍሎራይዱ ይታጠባል። ውኃ በጀሪካን ለሚገባበት ትምህርት ቤት ይህ እፎይታ ነው።

ብሩሾቹ ላይ ስም ይጻፍ። እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለየብቻ ቁመው ይድረቁ። ብሩሽ እስኪገኝ ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተነጋግራችሁ በር ላይ ያለው ሱቅ ከረሜላውን በእረፍት ሰዓት እንዳይሸጥ ጠይቁት። ለምኑት፤ አይከሰስም።

ተማሪዎቼ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ሲስቁ አፋቸውን በእጅ ይሸፍናሉ። አንዱ በአሸዋ ሲፈትግ አየሁት። (መምህር፣ ከመቂ)

አስቁመው! ቆሻሻ አይደለም፣ በፍተጋ አይለቅም። አሸዋና ከሰል ቀሪውን የጥርስ ሽፋን ይልጡታል።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከመጠን በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ልጁ ያንን ውኃ እየጠጣ ሲያድግ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ ይበላሻል። ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይከማቻል። የሚረዳው ለትንንሾቹ፣ በተለይ ከ8 ዓመት በታች ላሉት፣ የዝናብ ውኃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውኃ ማጠጣት ነው። የዝናቡን አጠራቅሙ፣ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ይሁን። ሳሙናው ትንሽ ይሁንና እንዲተፉት ተከታተሉ። የአንተ ድርሻ ደግሞ አለ። "ጥርሳችሁን አትታጠቡም" የሚላቸው ሰው ካለ ከውኃው እንደሆነ በክፍሉ ፊት ንገርልኝ።

ልጅ ልጄ 8 ወሯ ነው፣ ተቅማጥ ይዟታል። ድዷ ነጭ ሆኖ አብጧል። ጥርሱን እናስወጣላት? (አያት)

እማማ፣ በፍጹም እንዳያስነኳት። ነጭ ሆኖ የሚታየው ሊወጣ ያለ ጥርስ ነው፣ ተቅማጡንም አላመጣውም። በስለት ሲወጣ ደም ይፈሳል፣ ይመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ኦአርኤስ ይስጧት፣ ጡቷን አታቋርጥ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድና ዚንክ ይዘዙላት።

10ኛ ክፍል ነኝ። ለፈተና ስናጠና እንቅማለን። ጥርስ ይጎዳል?

አዎ። አፍ ይደርቃል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ለስላሳና ስኳር ይጨመራል። የምትወትፍበት ጎን ድድህ ይሸሻል። የእንቅልፍህን ነገር አልናገርም፣ አንተም ታውቀዋለህ።

ልጄ ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅስ?

ቋሚ ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳትነኩ ነጩን ያዙት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ ብቻ አለቅልቁት። ቦታው መልሱትና ጨርቅ አስነክሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ሩጡ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም።

ቤሩት ነው የምሠራው። ልጄ እናቴ ጋር ነው። ቸኮሌት ስለምልክለት ጥርሱ አለቀ አሉኝ። በጣም ከፋኝ። ምን ልላክ?

እህቴ፣ አንቺ አላጠፋሽም፤ ናፍቆት ነው። በሚቀጥለው ሰው ሲመጣ የልጅ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ጨምሪ። ቸኮሌቱንም አትከልክዪው። ብቻ እናትሽ ዘንድ ይቀመጥ፣ ከምሳ በኋላ ይስጡት፣ በኪሱ ይዞት አይዙር።