የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጉልበት ለደከመበት ሰው የመዝናኛ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰበታ ነው። እናቴ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይተዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ማረፍ አለባቸው። ከጥምቀት በኋላ እኔና ወንድሞቼ የዓመት ፈቃዳችንን አስማምተን እርሳቸውን ይዘን ለጥቂት ቀናት ለመዝናናት አስበናል። ታላቅ ወንድሜ ላሊበላን፣ ታናሽ ወንድሜ ቢሾፍቱን ይመርጣሉ። እናቴ ግን «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ከማለት በቀር ሐሳባቸውን አልገለጹልንም። አንድ ዘመዳችን ዊልቸር ሊያውሱን ፈቅደው ነበር፤ እናቴ ይህን ሲሰሙ ግን ቅር አላቸው። ወዴት ብንሄድ፣ እንዴትስ ብንዘጋጅ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከቦታው ምርጫ በፊት እናትዎ ቤት እጠብቃለሁ ያሉበትን ምክንያት ማወቅ ይኖርብዎታል። አብዛኞቹ አዛውንቶች ይህን የሚሉት ጉዞውን ጠልተው ሳይሆን የልጆቻቸውን ደስታ እንዳያደናቅፉ ስለሚሰጉ ነው። ከዚህም በላይ በአፍ የማይናገሩት ሥጋት አለ፤ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ቢያስፈልገኝ የት እገባለሁ የሚለው። ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው ቁጢጥ ብሎ መቀመጥም ሆነ ከዚያ መነሣት አይችልም፤ ብዙዎችም ይህን ፈርተው በጉዞ ዕለት ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ከቆላ ሲደርሱም ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ስለዚህ ወንድሞችዎ በሌሉበት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ያነጋግሯቸው። «ይችላሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ አይሰጥምና። ይልቁንም መደገፊያ ቢኖር ስንት ደረጃ እንደሚወጡ፣ መውጣቱ ይከብዳቸው እንደሆነ ወይስ መውረዱ፣ ሳይነሡ ምን ያህል ጊዜ መኪና ውስጥ መቀመጥ እንደሚችሉ፣ በመጨረሻም ማየት የሚወዱት ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። የታመመ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከመውጣት ይልቅ ሲወርድ እንደሚብስበት ማወቅዎ ቦታ ሲመርጡ ይጠቅምዎታል።

የታላቅ ወንድምዎን ሐሳብ በዚህ ጉዞ አልደግፈውም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ተራራማ ከተማ ናት፤ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናትም ከአለቱ ወደ ታች ተፈልፍለው የተሠሩ በመሆናቸው ወደ እነርሱ የሚደረሰው ወጣ ገባ በሆነ ድንጋይ፣ በጠባብ መተላለፊያና ወጥ ልክ በሌላቸው ደረጃዎች ነው። አብዛኛው ደረጃም መደገፊያ የለውም። ጫማ እያወለቁ መግባትና መልሶ ማጥለቅም ማጎንበስ ለሚቸገር ሰው ራሱን የቻለ ድካም ነው። እናትዎ ለበረከት ሲሉ ላሊበላን መሳለም የዘመናት ምኞታቸው ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ በአውሮፕላን ሄዶ፣ በዓል ያልሆነ ሰሞን መርጦ፣ በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ቤተ ክርስቲያን በላይ ሳያቅዱ መፈጸም ይቻላል። ለመዝናናት ከሆነ ግን ሌላው ቤተሰብ ሲዞር እርሳቸው ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው መዋላቸው አይቀርም፤ ይህ ደግሞ ሰበታ ከመጠበቅ የተሻለ አይደለም።

ቢሾፍቱ ይሻላል፤ ነገር ግን ቢሾፍቱም ቢሆን የራሷ ጣጣ አላት። የከተማይቱ ታዋቂ ሐይቆች፣ ሆራና ባቦጋያ ጭምር፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ዳርቻቸው ገደላማ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ማረፊያዎች የምግብ አዳራሻቸውን ከአፋፉ ላይ፣ መኝታቸውንና መዋኛቸውን ደግሞ ከታች አድርገው በደረጃ ያገናኟቸዋል። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ውኃው አጠገብ የሚታየው ያማረ ክፍል ለእናትዎ የሚመች ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ከአፋፉ ላይ ከመኪና ማቆሚያው ብዙ ሳይርቅ መሬት ለመሬት የሚገባ ክፍል ካገኙ፣ ሐይቁን ከላይ ሆኖ ማየት ከታች ከማየት የሚያንስ ነገር የለውም፤ እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ ይበልጣል።

ክፍል ለመያዝ ስልክ ሲደውሉ «ደረጃ አለው?» ብለው ከጠየቁ «ትንሽ ናት፣ አታስቸግርም» የሚል መልስ ማግኘትዎ የማይቀር ነው። መልስ ሰጪው ሰው አልዋሸም፤ ጉልበቱ ደኅና ስለሆነ ደረጃውን ቆጥሮት አያውቅም እንጂ። ስለዚህ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ በር፣ ከክፍሉም እስከ ምግብ አዳራሹ ያለውን ደረጃ አንድ በአንድ ቆጥሮ እንዲነግርዎት በትሕትና ይጠይቁት። ሽንት ቤቱ የመቀመጫ መሆኑን፣ የሚያዝበት ነገር አጠገቡ መኖሩን፣ ገላ መታጠቢያው ዘልቀው የሚገቡበት ገንዳ ይሁን ወይስ ከወለሉ ጋር እኩል፣ አልጋውም በጣም ዝቅ ያለ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የመግቢያውንና የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክልዎት መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ሁለት ፎቶ ከአንድ ሰዓት የስልክ ማብራሪያ የበለጠ ያሳያል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ከደነገገ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን አዋጁን ተማምኖ ሳይጠይቁ መሄድ እናትዎን ለእንግልት ይዳርጋል።

አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ መመለስን አልመክርም። የመጀመሪያው ቀን በመድረስና በማረፍ፣ ሁለተኛው በመሸከፍ ያልቅና እናትዎ የሚያስታውሱት መኪና መውጣትና መውረዱን ብቻ ይሆናል። ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ የሚቻል ከሆነም ቅዳሜና እሑድን ይተዉ፣ በሥራ ቀን ግቢው ጸጥ ይላል፣ አስተናጋጆቹም ጊዜ ይኖራቸዋል።

ከሰበታ ተነሥቶ ቢሾፍቱ ለመድረስ የአዲስ አበባን ደቡባዊ ዳር ማቋረጥ ግድ ነው፤ ጠዋት የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት ላይ ከወጡ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ መጨናነቁ ያደክማቸዋል። ረፋድ ላይ ይውጡ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የፍጥነት መንገድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን እግር ማፍታታት ካስፈለገ በአሮጌው መንገድ ሄዶ ዱከም ላይ ቡና ጠጥቶ መቀጠል የተሻለ ነው፤ በየአንድ ሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ወርዶ ጥቂት መራመድ ለደም ዝውውራቸውም ይበጃል። ከተማውን ማቋረጡ ራሱ ካስፈራችሁ በእናንተው በጅማ መንገድ ቀጥ ብላችሁ ወሊሶ መሄድ ትችላላችሁ፤ ሐይቅ ባይኖርም ፍል ውኃ አለ፤ ወደ ፍል ውኃው መግቢያውን ግን እንደተባለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ መኪናው ጥቂት ልጨምር። ሚኒባስ ለመሣፈር ከፍ ይላል፣ ትንሿ የቤት መኪና ደግሞ ከመቀመጫዋ ለመነሣት ታስቸግራለች። እናትዎ ከፊት ይቀመጡ፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳብላቸው፤ ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው አስቀድመው ይቀመጡና ከዚያ ሁለቱንም እግራቸውን አንድ ላይ ያስገቡ። መቀመጫው ላይ አንድ ፌስታል ቢነጠፍ መዞሩ ይቀላቸዋል፤ ፍሬን ሲያዝ እንዳያንሸራትት ግን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይነሣ። በርጩማም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለመውጫ ደረጃም፣ ለድንገተኛ ማረፊያም ይሆናል። ከዘራቸውን በደኅናው እግር በኩል ባለው እጅ መያዛቸውንም ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል።

ዊልቸሩን በሚመለከት፣ የእናትዎ ቅሬታ ይገባኛል። በእግሩ የሚሄድን ሰው ከወንበር ላይ አስቀምጦ መግፋት በሽተኛ ነህ ብሎ በሰው ፊት የማወጅ ያህል ይሰማዋል። ሆኖም ሳታስገድዷቸው ከመኪናው ኋላ ጫኑት። ረጅሙንና አሰልቺውን መንገድ፣ ለምሳሌ ከማቆሚያው እስከ አዳራሹ ያለውን፣ ተቀምጠው ቢያልፉት ቀሪው ጉልበታቸው በአፋፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ለማለት እንደሚተርፍላቸው ንገሯቸውና ውሳኔውን ለእርሳቸው ተዉት። ከተስማሙም ሳይጠየቁ ማንም አይግፋቸው። ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ስለሚሰነቀሩ ወንበሩን አዙሮ ወደ ኋላ እየሳቡ ማለፍ፣ ቁልቁለትም ላይ እንዲሁ ጀርባውን አስቀድሞ መውረድ ያስፈልጋል።

የሚወስዱትን መድኃኒት በቂ አድርጋችሁ ያዙ፤ አዲስ የሕመም ማስታገሻ ግን ከሐኪማቸው ሳትማከሩ አትስጧቸው። ይህ ጉዞ ደኅና ካለፈ የሚቀጥለው ሐዋሳ ቢሆን መልካም ነው፤ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ቀን ይከብዳልና ዝዋይ ወይም ላንጋኖ ላይ አድራችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የሐይቁ ዳር ግን ሜዳ ነው፣ እናትዎም ከቢሾፍቱው በተለየ እስከ ውኃው አፍ መድረስ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፈው። ወንድሜ በአደጋ ምክንያት በዊልቸር የሚሄድ ሲሆን ደረጃ መውጣት ፈጽሞ አይችልም። ባሕር ዳርን ማየት ይፈልጋል። በአውሮፕላን መሄድ ይችላል? እዚያስ ምን ማየት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። አየር መንገዶች የዊልቸር አገልግሎት የሚፈልጉ መንገደኞችን በሦስት ይለያሉ፦ ሩቅ መራመድ የሚያቅተው ነገር ግን ደረጃ የሚወጣ፣ ደረጃ የማይወጣ ነገር ግን ውስጥ ገብቶ እስከ መቀመጫው የሚራመድ፣ እስከ መቀመጫው ድረስ በሰው የሚረዳ። «ዊልቸር እንፈልጋለን» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት ከመጀመሪያው ክፍል ልትመደቡ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ትኬቱን ስትቆርጡ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት፣ ወንድምሽ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ አስመዝግቢ። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚበዛው ዳሽ ኤይት የተባለው አውሮፕላን የራሱ መውጫ ደረጃ ያለው በመሆኑ፣ በሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች ምን ዓይነት ማንሻ እንደሚቀርብለት በግልጽ ጠይቂ። በአደጋ ጊዜ መውጫ አጠገብ ያለው ወንበር አይሰጠውም። የገዛ ወንበሩን እስከ አውሮፕላኑ በር ይጠቀምበት፤ ሠራተኞቹ ሲረከቡት ትራሱንና የሚነቀለውን የእግር ማሳረፊያ ይዛችሁ ግቡ፤ የሚጠፉት እነርሱ ናቸውና።

ባሕር ዳር በዘንባባ የተከበቡ ጎዳናዎቿ ሜዳ ናቸው፤ የጣናም ዳርቻ በወንበር ለመንሸራሸር የተመቸ ነው። በጀልባ ወደ ገዳማቱ መሄድ ግን ሁለት ፈተና አለው፤ አንደኛው ከወደቡ ወደ ጀልባው መሻገሩ ነው፣ እርሱ በሁለት ጠንካራ ሰዎች ይቃለላል። ሁለተኛው ከጀልባው ከወረዱ በኋላ ያለው ነው፤ ለምሳሌ ዘጌ ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው በቡና ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ሽቅብ የእግር መንገድ ለዊልቸር አይሆንም። ስለዚህ ጀልባውን ለመውረድ ሳይሆን ለሐይቁ ሽርሽር ብቻ ተከራዩት፤ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ቦታ ሄዶ መመለስ ይበቃል፣ ዕድል ከቀናም ጉማሬ ይታያል። ጢስ ዓባይን በዚህ ጉዞ ተዉት፤ የእግር መንገዱ አስቸጋሪ ከመሆኑም ሌላ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ከክረምቱ ማግሥት ካልሆነ በቀር ፏፏቴው ይሳሳል።