የተረፈ ሥጋና ጥራጥሬ፦ የሾርባ ጥያቄና መልስ

ከበዓል ማግሥት አዳማ ውስጥ በየቤቱ የሚተርፍ ነገር አይጠፋም። ሥጋው የተጋጠ አጥንት፣ ማንም ያልጨረሰው ቅቅል፣ ድስት ሥር የቀረ ጥብስ። ይህን ከጥራጥሬ ጋር ሾርባ ያደረገ ሰው ቤተሰቡን በትንሽ ወጪ ያጠግባል። ስለዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ የተረፈኝ ሥጋ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። አጥንቱ ግን ብዙ ነው። ለስድስት ሰው የሚሆን ሾርባ ይወጣዋል?

በደንብ ይወጣዋል። የሚያጠግበው ጥራጥሬው ነው። ከሥጋውና ከአጥንቱ የምትፈልጊው ጣዕሙን ነው። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ ማታ ንከሪ። ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ጠዋት አጥንቱን በሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው። ከመፍላቱ በፊት እሳቱን ቀንሺ፤ አረፋውን እየገፈፍሽ ሁለት ሰዓት ያህል በቀስታ ይንተክተክ። የዶሮ አጥንት ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ከዚያ አጥሊው፤ የዶሮ ስብርባሪ አጥንት ለልጆች አደገኛ ነው። የነከርሽውን ጥራጥሬ አጥበሽ እዚያው መረቅ ውስጥ ጨምሪ (ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ግን ከታች እንደምነግራችሁ ቀድሞ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት በኃይል ይፍላ)፤ ውሃው ካነሰ ሙቅ ውሃ ጨምሪበት።

ሽንኩርቱን ለብቻው በትንሽ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን አቁዪ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ጨምሪበት። ጥራጥሬው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን ቁሌቱን፣ ካሮቱንና ድንቹን አስገቢ። ቲማቲም ከዚያ በኋላ ነው። የተረፈው ሥጋ የሁሉም መጨረሻ ይሁን። አንዴ የበሰለ ሥጋ ስለሆነ እንደገና ለረጅም ሰዓት ከተቀቀለ ጣዕሙን ለመረቁ ሰጥቶ ገለባ ይሆናል። ቆራርጠሽ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨምሪው። ጅማትና ቆዳ ያለበት ቁራጭ ግን ከአጥንቱ ጋር ከመጀመሪያው ይግባ፤ እሱ ረጅም እሳት ይወዳል።

እንዲወፍር ከፈለግሽ ዱቄት አትጨምሪ። ሁለት ጭልፋ ጥራጥሬ አውጥተሽ ፍጪና መልሺው። ከማውረድሽ በፊት የጥብስ ቅጠልና ቁንዶ በርበሬ ጣል አድርጊበት። እኔ ለዚህ ሾርባ ከጥብስ ቅጠል የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ቦሎቄ ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ላይ ጥጄ እስከ ከሰዓት አልበሰለም። ከሰሉ ከቦሎቄው በላይ አስወጣኝ። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ የብዙ ሰው ችግር ነው። መጀመሪያ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 95 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ብታበዛው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ሙቀት ባለበት መጋዘን የከረመ ቦሎቄ ይደነድናል። ሦስተኛ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድመህ ጨምረህ ከሆነ ኮምጣጣው ልጣጩን ያጠነክረዋል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ሌሊቱን ንከረው፤ በመንከሪያው ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ብታደርግበት ልጣጩ ይለሰልሳል። ጨው ጥራጥሬን ያደነድናል የሚባለው ትክክል አይደለም። በጣም የከረመ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሊትር መቀቀያ ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምር። ከዚያ አትለፍ፤ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚንም ያጠፋል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ እንዳይምታታብህ።

ከጎረቤትም ቢሆን የግፊት ድስት ተዋስ። ውስጡ ያለው ሙቀት 115 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ የከፍታው ነገር ይቀራል። የተነከረ ቦሎቄ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይበስላል። አንድ ኪሎ በአንዴ ቀቅለህ ከፋፍለህ ፍሪዘር ብታስገባ ከሰሉን አንዴ ብቻ ነው የምታወጣው።

ስትገዛም ምረጥ። ነጩ ትንሹ ቦሎቄ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ሾርባውን ክሬም ያስመስለዋል። ቀዩ ቅርጹን ይይዛል። ቦሎቄ የስምጥ ሸለቆአችን ሰብል ነው። እዚሁ ቅርባችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች ነጩ አዋሽ 1 እና ቀዩ ናስር ይገኙበታል።

ጥያቄ፦ ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ መርዝ አለው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ሌክቲን የሚባል ነገር አለው። ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ጥቂት ፍሬ እንኳ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ነክሩት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት በኃይል አፍሉት። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ሳይፈላ ለብ ባለ እሳት ላይ ብቻ ማቆየት ግን መርዙን ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ጥራጥሬ ስበላ ሆዴን ይነፋኛል።

የነከሩበትን ውሃ ይድፉ፤ ሆድ ከሚነፋው ነገር ከፊሉ እዚያ ውስጥ ይቀራል። የአዳማ ሙቀት ውሃውን ቶሎ ስለሚያኮመጥጠው ከስምንት ሰዓት በላይ የሚነክሩ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ያድርጉት። በትንሽ መጠን ይጀምሩ፣ ሆድ ይለምዳል። ካስቸገረዎት የምስር ክክ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ የተረፈኝ ጥብስ በርበሬና ቅቤ አለው። ሾርባውን ያበላሸዋል?

አያበላሸውም፣ እንዲያውም ያጣፍጠዋል። ቁሌቱ ላይ ቅቤ አትጨምሪ፣ ጨውንም መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ ብቻ።

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ የተረፈ ጥሬ ክትፎ ጠረጴዛ ላይ አደረ። አፍልቼ ሾርባ ውስጥ ብጨምረውስ?

ጣዪው እህቴ። እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፣ ሥጋ ውድ ነው። ማፍላት ኮሶን ይገድላል። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያ ሥጋ ላይ ሲራባ የሚተወው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ክትፎው ወዲያው ፍሪጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ በደንብ አብስለሽ መጠቀም ትችዪ ነበር።

ጥያቄ፦ ሾርባው ስንት ቀን ይቆያል? መብራት ይጠፋብናል።

ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቡት፤ መሐሉ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚወደው ይህንን ነው። ሰፋ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስገቡ። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ሥጋ ያለበትን ሾርባ መጣል ነው። ስታሞቁ ደግሞ የምትበሉትን ብቻ ቀድታችሁ እስኪንፈቀፈቅ አፍሉት።

ጥያቄ፦ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ልጆቼ ግን አይጾሙም። ሁለት ድስት መጣድ ሰለቸኝ።

ጥራጥሬውን በአጥንት መረቅ ሳይሆን በውሃ ቀቅዪ። ቁሌቱን በዘይት ሠርተሽ ጨምሪ። ያንቺን ቀንሰሽ ለብቻ አስቀምጪ፣ ከዚያ ለልጆቹ መረቁንና ሥጋውን በቀረው ላይ ጨምሪ። ጭልፋውንም ለዪ። ያንቺ ጣዕም እንዳያንሰው ሽንኩርቱን በደንብ አጥቁሪው፣ አንድ ማንኪያ ሳልሳም ቁሌቱ ላይ አብስዪ።

ጥያቄ፦ ለአፍጥር ቶሎ የሚደርስ?

የምስር ክክ። መንከር የለበትም፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አጃ ከለመዳችሁ ሁለት እፍኝ አብሩት፤ የተረፈው ሥጋ በጣም ደቆ ይግባ።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ወር ልጅ አለኝ። ልሰጠው?

ስጪው። ጨውና በርበሬ ሳይገባ ቀንሺለት፣ ሥጋውንም ጥራጥሬውንም አንድ ላይ ፍጪው። ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን መረቅ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም። አጥንት አለመኖሩን በጣትሽ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ። ይህ ሾርባ ይረዳኛል?

ሐኪም ያዘዘልሽን የአይረን ኪኒን አይተካም፣ እሱን እንዳታቋርጪ። ከኪኒኑ ጎን ግን ጥሩ ምግብ ነው። የጥራጥሬን አይረን ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ትንሽም ብትሆን ሥጋ አብራው ስትበላ በተሻለ ይወስደዋል። ስትበዪ ሎሚ ጭመቂበት ወይም ጥሬ ቃሪያ አብረሽ ብዪ፣ ቫይታሚን ሲ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጡ አይረኑን ይይዙታል። ምሳ እንደተበላ ቡና መፍላቱ ልማዳችን ነውና ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዪው፤ ጎረቤቶችሽም ምክንያቱን ከነገርሻቸው ይጠብቁሻል።

ጥያቄ፦ በእንጀራ ይሆናል ወይስ በዳቦ ብቻ?

በሁለቱም። ለእንጀራ ከሆነ ጥራጥሬውን በዛ አድርጋችሁ ፍጩና አወፍሩት።