ስድስት ስትጠብቁ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ቤቴ በረንዳ ላይ ከልጅ ልጆቼ ጋር ሉዶ፣ ዳይስ እየወረወሩ ጠጠር የሚያስኬዱበትን ጨዋታ፣ እጫወታለሁ። በጎጃም ገጠር ሠላሳ ዓመት የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስዞር በቅጡ ያልገባኝን ነገር የልጆች ጨዋታ ሲያስረዳኝ ትንሽ ያሳፍራል። ቢሆንም ልጻፈው።

እኔ ያደግሁት በገበጣ ነው። ከብት ስንጠብቅ መሬት ቆፍረን፣ ጠጠር ለቅመን እንጫወት ነበር። ገበጣ ላይ ዕጣ የሚባል ነገር የለም። ጉድጓዱም ጠጠሩም በሁለታችሁም ፊት ተዘርግቷል፤ ከተበላችሁ አልቆጠራችሁም ማለት ነው። ዓለሙም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ትምህርቱም ይህንኑ አጸናልኝ፦ በሄክታር ይህን ያህል ዘር፣ ይህን ያህል ማዳበሪያ፣ ይህን ያህል ምርት።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቡሬ አካባቢ ነበርኩ። የግንቦቱን ዝናብ አትመኑት፣ መሬቱ በደንብ እስኪርስ በቆሎ አትዝሩ ብዬ መከርኩ። የግንቦት ዝናብ ጥሎ ሊጠፋ ይችላል፤ የበቀለው ደርቆ ይቀራል፤ ዘሩ ደግሞ በብድር የመጣ ነው። አንድ አዛውንት ሰሙኝ፣ ጎረቤታቸው አልሰማኝም። የዚያን ዓመት ዝናቡ ሳያቋርጥ ቀጠለ። የጎረቤትየው በቆሎ ቀድሞ ደረሰ፤ የእሳቸው ገና ሳይሞላ ዝናቡ ወጣ። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ጠላ ቀዱልኝና «አይ ልጄ፣ ዝናቡን አንተ አታዘንበው። ለከርሞስ እንደዚያው ትለኛለህ?» አሉኝ።

«እላለሁ።»

«እንግዲያ ጠጣ።»

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ምክሬን ለብቻው፣ ዝናቡን ለብቻው መዘኑት።

ይበልጥ ያበላሸኝ ሙገሳ ነው። ሌላ ቦታ አንድ ገበሬ መሬቱን በሙሉ በአንድ ሰብል እንዲሸፍን አደፋፈርኩት። ሁለት ዓመት ጎተራው ሞላ። በስብሰባ ስሜ ተነሣ፣ እኔም ብልሃቴ ያመጣው መሰለኝ። በሦስተኛው ዓመት በረዶ ወረደና ማሳው ተጨፈጨፈ፤ መጠጊያ የሚሆን ሌላ ሰብል አልነበረውም። ያ ምክር በረዶው የወረደ ዕለት አልተበላሸም። ከመጀመሪያውም መጥፎ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስድስት ወጣልኝ እንጂ።

ወደ ሉዶው ልመለስ። ጠጠራችሁን ከቤት ለማስወጣት ስድስት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ወርውራችሁ የማጣት ዕድላችሁ ከ6 5 ነው። አሥር ጊዜ በተከታታይ የማጣቱን አስሉት፤ 16 በመቶ ገደማ ይመጣል። መቶ ልጆች ቢጫወቱ አሥራ ስድስት ያህሉ አሥር ጊዜ ወርውረውም ከቤት አይወጡም ማለት ነው። ትንሹ የልጅ ልጄ ይህ ሲገጥመው «ዳይሱ ጠልቶኛል» ብሎ አለቀሰ። ዳይስ ቂም አይዝም። ውለታም አይመልስም፤ በአሥራ አንደኛውም ዕድሉ ያው ከ6 1 ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ ማመልከቻ ስታስገቡ ዓመት ያለፋችሁ ልጆች፣ ከአሥራ ስድስቱ አንዱ መሆን ስንፍና አይደለም።

(የውርርድ ቤት ደጅ የምትውሉትን ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። በ10 ብር ተወራርዳችሁ ስድስት ከወጣ 50 ብር እከፍላለሁ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ በስድስት ውርወራ በአማካይ 60 ከፍላችሁ 50 ትወስዳላችሁ። የቡድኑን ተጫዋቾች ስም በቃል ማወቅ ይህን ሒሳብ አይቀይረውም። በረንዳዬ ላይ ቢያንስ ዳይሱ ለሁላችን እኩል ነው።)

ከቤት ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ የእናንተ ድርሻ ይመጣል። ጠጠራችሁ ከተቃዋሚው ፊት ከአንድ እስከ ስድስት እርምጃ ባለው በየትኛውም ቦታ ብትቆም በመጀመሪያው ውርወራ የመበላት ዕድሏ እኩል ነው፤ ከ6 1። ልጆች አንድ እርምጃ ፊት መቆም ይፈራሉ፣ አምስት እርምጃ ሲሆን ይደፍራሉ። ልዩነት የለውም። ሰባት ከሆነ ግን ተቃዋሚው መጀመሪያ ስድስት፣ በሚደገምለት ውርወራ ደግሞ አንድ ማግኘት አለበት፤ ከ36 1 ብቻ። አንዲት እርምጃ አደጋውን ወደ አንድ ስድስተኛው ታወርደዋለች፤ እሷ ደግሞ በእጃችሁ ናት።

እኔ ዘግይቼ የጀመርኩት አንድ ልማድ አለ። ከበድ ያለ ነገር ስወስን ምክንያቱን፣ የምፈራውንና የማላውቀውን ውጤቱ ሳይመጣ በደብተር እጽፋለሁ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሁላችንም ቀድመን ያወቅን ይመስለናል፣ ደብተሩ ግን አይዋሽም። የድሮ ገጾቼን ሳነብ የምኮራባቸው ውሳኔዎች ሁሉም የተሳኩ አይደሉም፤ ከተሳኩትም የማፍርባቸው አሉ።

ትናንት ማታ የልጅ ልጄ ጠጠሯን ቆጥራ ቆጥራ ከወንድሟ ሰባት እርምጃ ፊት አቆመቻት። ወንድሟ ወረወረ፤ ስድስት። ደገመ፤ አንድ። በላት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ልክ ነበርኩ አይደል?»

«ልክ ነበርሽ» አልኳት።

ጠጠሯን ወደ ቤት መለሰችና ስድስት መጠበቅ ጀመረች።