ወንድሜ ክላስ መግባት አቁሟል ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ማታ አንብቤ ሳስበው አደርኩ። ወንድምሽ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ከቤት ሩቅ ነው የተመደበው፣ ሌሊት አይተኛም፣ ክላስ አይገባም፣ ስልክ ሲያነሳ ደግሞ "ደህና ነኝ" ብቻ ነው የሚልሽ። ግቢ ውስጥ የሚረዳው ሰው አለ ወይ፣ ቢሄድስ ፋይሉ ላይ ተጽፎ ነገ ሥራ ያሳጣው ይሆን ወይ ብለሻል። እናታችሁ ደግሞ ጸበል ይሂድ እያሉ ነው። እኔ በዚሁ ውስጥ አልፌያለሁ። የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ይረዝማል።

እርዳታ አለ። ግን ፈልገሽ ነው የምታገኚው። አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ዲን ሥር የምክር አገልግሎት ቢሮ አለው፣ ተማሪው ካውንስሊንግ ይለዋል። የተማሪዎች ክሊኒክም አለ። እኔ በተማርኩበት ግቢ ቢሮው የነበረው የዲሲፕሊን ጉዳይ ያለባቸው ልጆች የሚሰለፉበት ኮሪደር ላይ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ደብዝዛ አትነበብም። ከዓመት በላይ በዚያ በር ሳልፍ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ፍሬሽ ሆነን ስንገባ ስለ ዲሲፕሊን ግማሽ ቀን ገለጻ ተደርጎልናል፣ ስለዚህ ቢሮ ግን አንድም ሰው አልነገረንም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

የእኔ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ኢንጂነሪንግ ነበርኩ፣ የምፈልገው ዲፓርትመንት አልደረሰኝም። መጀመሪያ የሄደው እንቅልፌ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እባንናለሁ፣ ከዚያ ጣሪያውን እያየሁ ይነጋል። ቀጥሎ ካፌ መሄድ ተውኩ፣ ሰልፉን ሳስበው ይደክመኝ ነበር። አልቅሼ እንኳን አላውቅም። ጭንቅላቴ ከበደኝ፣ ደረቴ ይነዳል። ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። የሰጡኝ ሰዎች ላይ አልፈርድም፣ እኔ የነገርኳቸው ስለ ደረቴ ብቻ ነበር። እኛ አገር ጭንቀታችንን በሆዳችንና በራስ ምታታችን ነው የምንናገረው። ስለዚህ ወንድምሽ ክሊኒክ ሲሄድ ምን ያህል ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምግብ ከቀነሰ ስንት ሳምንት እንደሆነው፣ የሚመላለስበት ሐሳብ ምን እንደሆነ እንዲናገር አስቀድመሽ ንገሪው። መናገር ከከበደው ወረቀት ላይ ጽፎ ይስጣቸው።

ካውንስለር ጋ የወሰደኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ምንም አልመከረኝም፣ "ተነስ፣ አብረን እንሂድ" ብቻ አለኝ። ውስጥ የነበረችው ሴትዮ አንዲት ናት፣ ለጠቅላላው ግቢ። ግን አዳመጠችኝ። "እስቲ ጠንከር በል" አላለችኝም። ሦስት ጊዜ ካገኘችኝ በኋላ ይሄ ከንግግር በላይ ሕክምናም ይፈልጋል ብላ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልኝ። እዚያ ያየኝ የአዕምሮ ጤና ነርስ ነው። "ዶክተር እንኳን አይደለም" ብለሽ እንዳትከፊ፣ በአገራችን የሳይካትሪ፣ ማለትም የአዕምሮ ሕክምና፣ ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ስፔሻሊስቱ ገና ጥቂት ስለሆነ ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት እንደ እሱ ያሉ ነርሶች ናቸው። ድባቴ ነው አለኝ፣ ዲፕረሽን የሚባለው። ፍሎክሰቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ታዘዘልኝ።

ስለ መድኃኒቱ ይሄን እወቂ። የመጀመሪያውን ሳምንት አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፌም ባሰ። የማይሠራ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ለውጡን ያየሁት በአራተኛው ሳምንት ነው። ብዙ ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት "አልረዳኝም" ብሎ ያቆማል። ያዘዘለትን ሰው ሳያማክር እንዳያቆም፣ በኋላ ደህና ሆኛለሁ ሲልም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ፋይሉ። ትራንስክሪፕት ላይ የሚሰፍረው ኮርስና ውጤት ነው። ካውንስለር ጋ ሄዷል የሚል ነገር የለበትም። ካውንስለሯም የነገርኳትን ለዲፓርትመንትም ለቤተሰብም እንደማትናገር፣ ሕይወቴ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ሌላ ሰው እንደምታስገባ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ትራንስክሪፕቱን የሚያበላሸው ዝም ብሎ መቅረት ነው። ይሄን በደንብ ያዢልኝ። ከእኔ ጋር አንድ ብሎክ ውስጥ የነበረ ጎበዝ ልጅ እንደ ወንድምሽ ሆኖ፣ ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገባ። ፋይናል አልተፈተነም፣ ኤፍ በኤፍ ሆነ፣ ተባረረ። እኔ ግን ከሆስፒታል የተሰጠኝን ማስረጃ ይዤ፣ ከፋይናል በፊት፣ ሬጅስትራር ሄጄ በሕመም ምክንያት ዊዝድሮው፣ ማለትም ትምህርት አቋርጦ የመውጫ ቅጽ፣ ሞላሁ። ክሊራንስ አስፈርሜ ወጣሁ። በቀጣዩ ዓመት ሪአድሚሽን፣ ማለትም እንደገና መግባት፣ ጠይቄ ገባሁ። ዛሬ ተመርቄ ሥራ ላይ ነኝ። ቀነ ገደቡና ወረቀቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ የእሱን ሬጅስትራር ዛሬ ነገ ሳትይ ጠይቂ። እዚያው መቆየት የሚችል ከሆነ ደግሞ አስተማሪዎቹን በማስረጃ ማነጋገር ይቻላል።

እናትሽን አትጣያቸው። እኔም ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ እናቴ ሰላም አገኘች፣ እኔም ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። ነገር ግን መድኃኒቴን ይዤ ነው የሄድኩት። "ሁለቱንም እናድርግ" በያቸው። አንዱን ምረጡ ከተባለ ነው ልጁ መሀል የሚቀረው።

አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስለ መሞት ያስብ እንደሆነ ጠይቀሽዋል? በቀጥታ ጠይቂው፣ "ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ብለሽ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። እኔን የጠየቀኝ ሰው ሲገኝ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ። አዎ ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለዶርም ጓደኞቹና ለፕሮክተሩ፣ ማለትም ለዶርም ተቆጣጣሪው፣ ደውይ፣ ለደቂቃም ብቻውን እንዳይተዉት፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ከእናንተም አንድ ሰው በዚያው ቀን መንገድ ይጀምር።

የግቢው ቢሮ ተዘግቶ ካገኘው፣ ምሳ ሰዓትና ቅዳሜ እሑድ ይዘጋ ነበር የእኛው፣ ወይም እዚያ መታየት ካፈረ፣ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል የአዕምሮ ሆስፒታል አለ። ጅማና ጎንደርም የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ክፍል አላቸው፣ ሌሎችም ሪፈራል ሆስፒታሎች እንደዚሁ። "አማኑኤል ገባ" ይሉኛል ብሎ የሚፈራ ከሆነ አይገርመኝም፣ እኔም ስሙን ስሰማ እፈራ ነበር። ተመላላሽ ሆኖ ታይቶ የሚመለሰውን ሰው ብዛት ያየሁት ከሄድኩ በኋላ ነው።

ያ ጓደኛዬ የመጀመሪያው ቀን ክላሱን ትቶ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ስወጣ ምን ተባልክ እንኳን አላለኝም፣ ሻይ እንጠጣ ነው ያለኝ። ወንድምሽ እንዲህ ያለ ጓደኛ ካለው ስልኩን ፈልጊና ከወንድምሽ በፊት ለእሱ ደውይለት። ከሌለው አንቺ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሂጂ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እዚያ የተማረ ሰው ፈልጌ ቢሮው የትኛው ብሎክ እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚከፈት አስጠይቅልሻለሁ።